ለቅሶ የተደረሰበት ቲያትር

እኔ ቲያትር እወዳለሁ። "ካገኘሁ አያለሁ" ከሚሉት አይደለሁም፤ ባላገኝም ፈልጌ የማይ ነኝ። ፍኖተ ሰላም ተቀምጦ ቲያትር መውደድ ምን ዓይነት ልክፍት እንደሆነ እኔን ያየ ያውቀዋል። ከባሕር ዳር ደህና ቡድን የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው፤ እሱም መንገዱ ሰላም ከሆነ። የቀረውን ጊዜ የተገኘውን ነው የምቃርመው። የሰንበት ትምህርት ቤት መንፈሳዊ ድራማ፣ የጤና ጣቢያ የእጅ መታጠብ ጭውውት፣ የወላጆች በዓል፣ አንዱም አያመልጠኝም። አንድ ጊዜ ጅጋ ድረስ ሄጄ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የሠሩትን አይቻለሁ። አባት ሆኖ የሚጫወተው ተማሪ ሊመርቅ ጎንበስ ሲል የጥጥ ጢሙ ወልቆ የምትመረቀው ልጅ ጭን ላይ ወደቀ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ምርቃቱ ነክቶኝ አለቅስ ነበር። አብሮኝ የመጣው ባሌ "ደግሞ አንች ምን ሆንሽ?" ሲለኝ "ጥበብ አይገባህም" አልኩት። ከዚያ ወዲህ አብሮኝ ሄዶ አያውቅም።

ማልቀሴ በከተማው የታወቀ ነው። የምሠራው መዝገብ ቤት ነው፤ ሰኞ ጠዋት ዓይኔ አብጦ ከገባሁ ባልደረቦቼ "ትናንት ደግሞ ማን ሞተ?" ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔም ፋይሉን ገፋ አድርጌ ታሪኩን ከነመጋረጃው እተርክላቸዋለሁ። አዳራሽ ስገባ ሁለት መሐረብ እይዛለሁ፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ አጠገቤ ለሚቀመጠው ምስኪን። ደግሞ ዝም ብዬ አላለቅስም፤ እየተቸሁ ነው የማለቅሰው። በተለይ አንድ ነገር ሳይ ደሜ ይፈላል። ታሪኩ ተወሳስቦ ተወሳስቦ መውጫ ሲጠፋ በሩ ተበርግዶ ይከፈትና ስንት ዓመት የጠፋ ዘመድ ዘው ብሎ ይገባል። ተቃቅፈው ይላቀሳሉ፣ መጋረጃ ይዘጋል፣ አለቀ። የእኛ ደራሲ ሲቸግረው በር ይከፍታል። ይህን ለስንቱ ተናግሬያለሁ፤ የሰማኝ የለም።

አሁን የማወራችሁ ያለፈው ጥቅምት የሆነውን ነው። አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ ቤታቸው ከከተማው አዳራሽ ጀርባ ነው፤ የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ሐሙስ ቀን ደወሉልኝ።

"እሑድ ጠበል ጻዲቅ አለብኝ። በሞቴ እንዳትቀሪ፤ ልጅሽንም ይዘሽ ነይ" አሉኝ።

"ምን ገዶኝ፤ እመጣለሁ እትዬ።"

ከዚያ ድምፃቸውን ለስለስ አደረጉና "ሁላችሁንም ነው የጠራሁ" አሉ።

ሁላችሁንም! አክስቴ በሕይወታቸው በቀጥታ የተናገሩት ነገር ቢኖር "ጨው አቀብሉኝ" ብቻ ነው። ገባኝ። እህቴም ከቡሬ ትመጣለች ማለት ነው።

"ውይ፣ ለካስ እሑድ ቲያትር አለብኝ" አልኩ።

"ከእኔ ጠበል ጻዲቅ ቲያትር ይበልጣል?"

"ትኬት ቆርጫለሁ እኮ እትዬ።"

"እንግዲህ እህትሽ ይኼ የመጨረሻዬ ነው ብላለች። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ሰደድኩ፣ ሦስት ጊዜ መለሰችብኝ፤ አሁንም ካልሆነ እህት የለኝም ብዬ እቆርጣለሁ ብላለች። እኔ ነግሬሻለሁ" አሉና ዘጉት። ትኬቱን አልቆረጥኩም ነበር። ስልኩን እንዳስቀመጥኩ ሄጄ ቆረጥኩ፤ ስለዚህ ውሸት አልሆነም።

እስቲ ነገሩን ልንገራችሁና ፍረዱ። እህቴ ታላቄ ናት። ከልጅነታችን ጀምሮ እታለም ነበር የምላት። የዛሬ አምስት ዓመት ልጄን ስወልድ እናታችን ከገጠር ቤቷ ወጥታ ቡሬ እህቴ ዘንድ ነበረች፤ ጤናዋ እንደነገሩ ነበር። በወለድኩ በአምስተኛው ቀን ሞተች። እኔ ይህን አላውቅም። አራስ መርዶ አይነገራትም፤ ትደነግጣለች፣ ጡቷ ይደርቃል ይባላል፤ ከአራስ ቤት እስክትወጣ ይጠበቃል። የወለድኩት ደግሞ ሴት ነው፤ የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀን ነው። ስለዚህ ሰማንያው ቀን እስኪሞላ ደበቁኝ። ቡሬ ሄዶ መመለስ ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም። እናቴ እዚያ አፈር ለብሳ እኔ እዚህ ገንፎ እበላለሁ።

ዋናዋ ተዋናይ እህቴ ነበረች። በየቀኑ ጠዋት ትደውላለች። "እማማ እንዴት ናት?" ስላት፣ "ደህና ናት፤ እግሯ አላራምድ ብሏት ነው እንጂ ዛሬም እመጣለሁ ስትል ነበር" ትለኛለች። ድምፅዋ ጥርት ያለ። አንድ ቀን እንኳ አልተሰበረም። ቅቤ ላከችልኝ፤ "እማማ ናት የላከችልሽ" ብላ። እኔስ ምን አደረግሁ? አኮረፍኩ! የልጅ ልጇን ለማየት እግሬን አመመኝ ትላለች ብዬ አኮረፍኩ። "ያንች ልጆች ሲወለዱ በበቅሎ ነበር የመጣች። ቅያሜዬ ነው በያት!" አልኳት። "እሺ፣ እነግራታለሁ" አለችኝ። እሺ፣ እነግራታለሁ! የሞተች እናቴን ስቀየም፣ ስታረቅ፣ መልሼ ስቀየም ሰማንያ ቀን ከረምኩ። እህቴ እያወቀች መልእክቴን በትሕትና ትቀበለኛለች።

ክርስትናው ባለፈ ማግስት ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ተከታትለው ሲገቡ ሳይናገሩ ገባኝ። የዚያን ጠዋት ነገር ይቅርብኝ፤ አልተርከውም። በኋላ ግን ቁጭ ብዬ ሳስበው ከባሌ ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ ድርሻ ድርሻውን ይዞ ሲጫወት ነው የቆየው። ተመልካቿ እኔ ብቻ ነበርኩ። ቲያትር አዋቂዋ! ባሌን ይቅር አልኩት፤ እሱ ችሎታ የለውም። እናቴ በተነሳች ቁጥር "ከብቶቹን ልይ" እያለ ይወጣ ነበር፤ ከብት የለንም። እኔ ነኝ ልብ ያላልኩት። እህቴን ግን ይቅር ማለት አቃተኝ። አቃተኝ፣ ምክንያቱም ጎበዝ ናት።

ለቅሶ ልቀመጥ ቡሬ ስሄድ ደግሞ የጨረሰኝ ነገር መጣ። ሁለት ጎረቤቶቿ ጆሮዬ ሥር ተጠግተው፣ "የቀብሩ ዕለት እንባ ጠብ አላለላትም እኮ። ታላቅ ልጅ ሆና አንዴ እንኳ ድምፅዋን አላሰማችም። አንጀተ ደረቅ ናት" አሉኝ። ቆረጠልኝ። ለእናቷ ያላለቀሰች ለእኔ ምን ልትሆነኝ ነው ብዬ ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። ቀድሜ ላልናገራት ማልኩ። አምስት ዓመት ሞላን። ልጄ አክስቷን የምታውቃት በፎቶ ነው። "ይህች ማን ናት?" ስትለኝ "አንዲት ተዋናይት ናት" እላታለሁ፤ በንግግሬ እየኮራሁ።

እሑድ ደረሰ። ማስታወቂያው "ልዩ የምሽት የቲያትር ዝግጅት" ይላል፤ የሚጀመረው ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ነው። በዚህ ዘመን ማን አምሽቶ ይገባል? ምሽቱን በቀን መብላት ለምደናል። ጠዋት ሙሉ አንድ ባጃጅ ሞንታርቦ ጭኖ "የቤተሰብ ድራማ! ሳያለቅሱ አይወጡም!" እያለ ከተማውን ሲያደነቁር ዋለ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሞንታርቦውን አውርደው አዳራሹ በር ላይ ሰቀሉት፤ የውስጡ ድምፅ ወደ ውጭ እየወጣ ያላመነውን እንዲስብ። እኔ ማሳመን አያስፈልገኝም፤ የበዓል ቀሚሴን ለብሼ፣ ሁለት መሐረቤን ይዤ ገባሁ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። አንደኛው ረድፍ የክቡራን እንግዶች ነው፤ በነጻ ይገቡና ስልክ ሲያወሩ ያመሻሉ።

ከአጥሩ ማዶ የአክስቴ ቤት ድንኳን ጫፉ በመስኮት ይታያል። የዶሮ ወጡ ሽታ ቆርቆሮውን ተሻግሮ ይመጣል። የቄሱ ምርቃትና የሰዉ "አሜን" ይሰማል። እኔ የቆሎ ፌስታሌን ከፈትኩና ዓይኔን መጋረጃው ላይ ተከልኩ።

ድራማው እንዲህ ነው። አንድ ግትር አባት አለ። ወንድ ልጁ ሳያስፈቅደው ስላገባ ከቤት አባሮታል። ልጁ ሽማግሌ ይልካል፤ አባት ይመልሳል። ልጁ ራሱ መጥቶ ደጅ ይቆማል፤ አባት "የለሁም በሉት" ይላል። የልጁ እናት እግሩ ላይ ወድቃ ትለምናለች፤ አባት ፊቱን ያዞራል። እኔ ገና በሃያኛው ደቂቃ የመጀመሪያውን መሐረብ ጨርሻለሁ።

"አንድ ቃል እኮ ነው!" አልኩ ጮክ ብዬ። "ምን አለበት ቢያናግረው!"

"እውነትሽን ነው እቴ" አለች አጠገቤ ያለችው ወይዘሮ።

"ሰው እንዴት በገዛ ሥጋው እንዲህ ይጨክናል? ምን ዓይነት ልብ ነው ይኼ?"

"ድንጋይ ነው እንጂ ልብ አይደለም" አለችኝ። ሁለተኛውን መሐረብ ለእሷ ሰጠኋት፤ ተያይዘን አለቀስን። ይህን ስል ሳልቀንስ ሳልጨምር ነው፤ የዚያን ዕለት በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያን አባት እንደ እኔ የረገመው ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያው ክፍል ሊያልቅ ሲል ስልክ ጮኸ፤ የመድረኩ ስልክ። ምሳ ከሚበሉት አንዱ አንስቶ አዳመጠና ለእናትየዋ "ልጅሽ ሞቷል" አላት። በቃ፣ እንዲሁ። በቁም! በምሳ ሰዓት! መርዶ በምሳ ሰዓት በስልክ የሚነገርበት አገር የት ነው? ጎህ ሲቀድ ነው እንጂ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው እንጂ፣ ሴቶቹ ቀድመው ደግፈው ይዘዋት ነው እንጂ! ለወይዘሮዋ ይህን ላስረዳት ዞር ስል እናት ሆና የምትጫወተው ልጅ አፏን ከፈተች።

ልጅቱ ከጅጋ ናት ይላሉ። ለቅሶ የት እንደተማረች አልጠየቅኩም፤ ለቅሶ ግን ታውቃለች። "ልጄን! ልጄን! ልጄን!" ስትል እኛ አገር ሴት ሬሳ ፊት የምትጮኸውን ጩኸት ነው የጮኸችው። ትችቴን ረሳሁት። ከኋላ አንዲት ሴት "እሪ!" አለች፤ ሌላዋ ተከተለች። ወይዘሮዋ ተነስታ ደረቷን ትመታ ጀመር። ልጅቱ መድረኩ ላይ ተንከባለለች፤ ሁለት ሦስት ሴቶች ከታች ወጥተው ነጠላቸውን ጣል አደረጉባት። ክቡራኑ እንግዶች ስልካቸውን ዘጉ። እንዲህ ዓይነት ለቅሶ ሲኒማ ውስጥም አይገኝ! ዓይኔ እንደ ምንጭ ይፈስሳል፤ ልቤ ግን እውነት ለመናገር ደስ ብሎታል።

ያ ሁሉ ዋይታ በር ላይ በተሰቀለው ሞንታርቦ ወደ ከተማው እየወጣ ነበር። ማንም ያሰበው የለም።

በሩ ተበርግዶ ተከፈተ።

"ይኸውልሽ!" አልኳት ወይዘሮዋን። "አላልኩሽም? በር ከፈተ! ቸገረው!"

የተከፈተው ግን የመድረኩ በር አልነበረም። የአዳራሹ በር ነው። ሰው እንደ ጎርፍ ገባ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን እየጎተቱ፣ ሴቶቹ ነጠላ አዘቅዝቀው፣ አንዳንዷ እጇ ላይ ወጥ እንዳለ። ዋይታ የሰማ ይሮጣል፤ ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቀው ከደረሰ በኋላ ነው። የሰፈሩ ሰው በሙሉ፣ በተለይ ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ያለው የአክስቴ ድንኳን፣ ማዕዱን ትቶ መጥቷል። አንድ አዛውንት ከወገባቸው ጎንበስ ብለው "ወየው! ወየው!" እያሉ መሐል ለመሐል አለፉ። ሁለት ሴቶች መድረክ ወጥተው የተጋደመችውን ልጅ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" ማለት ያዙ።

አዘጋጁ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣ። ቀጭን ሰው ነው፤ ላቡ ይንጠፈጠፋል። "እባካችሁ! እባካችሁ ወገኖቼ! ቲያትር ነው!" አለ።

"ቢሆንስ" አሉ አንዲት አሮጊት፤ "ልጅ ነው የሞተባት።"

"የሞተ የለም እማማ!"

"እንግዲህ መጥተናል። ሳንቀመጥ አንመለስም" አሉና እፊት ወንበር ላይ ከአንድ ባለሥልጣን አጠገብ ተቀመጡ። ሌሎቹም ተቀመጡ። እኔ በሳቅና በለቅሶ መሐል ታንቄያለሁ። ሰኞ መዝገብ ቤት የማወራውን አስበዋለሁ።

ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። "እህቴን! እህቴን!"

እህቴ ናት። አንድ እግሯ ጫማ አለው፣ አንዱ ባዶ ነው። ሽርጧን አላወለቀችም፤ ስታስተናግድ ነው የነበረችው። "ቲያትር ቤት ናት" ብለዋታል፤ ከዚያ ቲያትር ቤቱ ዋይ አለ። ሌላ ምን ታስብ? ሰዉን እየገፋች በየረድፉ ፊት ፊቱን ታያለች፤ ታያለች ግን አታይም፤ እኔን አይታ አልፋኛለች። መድረኩ ላይ የተጋደመችውንና ነጠላ የለበሰችውን ስታይ ቀጥ ብላ ወደዚያው ሄደች። ሴቶቹን ገፈተረቻቸው። ነጠላውን ገለጠችና ልጅቱን ገለበጠቻት። ልጅቱ ፀጉሯን ሽበት ለማስመሰል ዱቄት ነስንሳለች፤ ዱቄቱ ከእንባዋ ጋር ፊቷ ላይ ወርዷል።

"እኔ ደህና ነኝ እትዬ" አለቻት ልጅቱ ፈርታ።

"ታዲያ እህቴስ? እህቴን የት አደረሳችኋት?"

እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነኝ። መሐረቤ እጄ ላይ ነው። ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ ያሰብኩት "እንዴት ጥሩ ትጫወታለች" የሚል ነው። አፈር ልብላ! አምስት ዓመት ሙሉ እንዲያ ስል ኖሬ አንጎሌ ሌላ ቃል አጥቶ ነው። ቁጭ ብዬ አየኋት። ቆሎዬ ጭኔ ላይ ነው። መድረኩ ላይ ተንበርክካ ወደ አዳራሹ ዞረች፤ መብራቱ ዓይኗን ስለወጋት አንድ ሰው አይታያትም።

"አራሷን አደራ ብላኝ!" አለች። "እማማ አራሷን አደራ ብላኝ! ምን ብዬ ነው የምመልስላት?"

ያ ጥርት ያለ ድምፅ መሐሉ ላይ ተሰነጠቀ። በየጠዋቱ በስልክ የማውቀው ድምፅ። ልጄ አሁን አምስት ዓመቷ ነው፤ ለእህቴ ግን እኔ እስከ ዛሬ አራሷ ነኝ።

"እታለም" አልኩ። ቀድሜ እንደተናገርኩ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ዞረች። ከመድረኩ እንዴት እንደወረደች አላየሁም። ፊቴን ዳሰሰችኝ፣ ትከሻዬን ያዘችኝ፣ ክንዴን፣ ወገቤን። ሙሉ መሆኔን ስታረጋግጥ በመዳፏ ጀርባዬን ጠፈጠፈችኝ።

"ስጣራ አትሰሚም? ጆሮ የለሽም? ድንጋይ!"

ከዚያ ድንገት እጇን ሰበሰበች። የመሐላዬን ነገር ያስታወሰች ይመስለኛል። ሽርጧን አስተካከለች። "ደህና ከሆንሽ በቃኝ" አለች፤ "አላስቸግርሽም። እህት አለችኝ ብዬ መንገድ የምመታው ይኼው መጨረሻዬ ነው" አለችና ወደ በሩ መንገድ ጀመረች። አንድ እግሯ ባዶውን ነው።

እዚህ ላይ ጥሩ ደራሲ ቢሆን ለእኔ ደህና ቃል ይሰጠኝ ነበር። እኔ ግን ከገዛ አፌ ሌላ የለኝም። አምስት ዓመት ያመረቀዘውን ነው ያወጣሁት።

"ለእማማ እንዲህ አልጮህሽም!" አልኳት ከኋላዋ።

አሮጊቷ እንኳ መሐረባቸውን አወረዱ። እህቴ ቆመች። ሳትዞር ነው የመለሰችልኝ።

"በምን ድምፄ ልጩህ?" አለች። "ማግስቱን ጠዋት ልደውልልሽ አይዶል? ድምፄ ተዘግቶ ብትሰሚ ምን ልልሽ ነበር? አንች የሰው ድምፅ ታውቂያለሽ። የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ነው የቀበርኳት። አገሩ አንጀተ ደረቅ አለኝ፤ ይበል አልኩ።" ከዚያ ዞረች። "ሰማንያ ቀን ሳላለቅስ ቆየሁ። ከዚያ ወዲያ ላለቅስ ብል እንቢ አለኝ፤ አልመጣ አለ።"

እኔ ባዶ እግሯን አያለሁ።

"ቅቤው" አለች ደግሞ፤ "ቅቤው የእሷ ነው። ለአራስነትሽ ብላ ራሷ አንጥራ ያስቀመጠችው። እሱን አልዋሸሁሽም።"

ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ? ምንም። የቆሎው ፌስታል ከጭኔ ወድቆ መሬቱ ላይ ሲበተን እግሬ ሄደ። አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። "እማማዬን!" አልኩ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። እህቴ ያን ስትሰማ ተከፈተች። እንዲያ ያለ ጩኸት ከሰው ይወጣል አልልም ነበር። የጅጋዋ ልጅ መድረኩ ላይ ቁጭ ብላ፣ ዱቄቷን ሳትጠርግ፣ አፏን ይዛ ታያታለች። ተዋናይትዋ ተመልካች ሆነች። አክስቴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡና ከሁለታችን መሐል ገቡ፤ ያን ጊዜ ብቻ በተዘዋዋሪ አልተናገሩም፤ "እህቴን! እህቴን!" ብለው በቀጥታ ጮኹ፤ የእሳቸውም እህት ናትና።

አሮጊቷ ወይዘሮዋን በክርናቸው ነካ አድርገው "ማን ናት የሞተች?" ሲሉ ሰማሁ።

"እናታቸው ናት መሰለኝ።"

"መቼ?"

"የዛሬ አምስት ዓመት ይላሉ።"

"ኧረግ! ዘግይተናላ" አሉና ተነስተው መጡ። ሌሎቹም ተነሱ። ለቅሶ ብለው ሮጠው መጥተው የሞተ አጥተው ተቀምጠው ነበርና፣ ይኼው ተገኘላቸው። ወንበር ተጎትቶ እህቴና እኔ መሐል ላይ ተቀመጥን፤ ሰዉ ከበበን። ወይዘሮዋ የራሴን መሐረብ መለሰችልኝ። አዘጋጁ ሰዓቱን እያየ ተጠጋና "እንግዲህ፣ ሁለተኛውን ክፍል..." ሲል አዛውንቱ "ልጄ፣ ለቅሶ ላይ ነን" አሉት። ሄዶ ሞንታርቦውን ዘጋ።

ሁለተኛውን ክፍል አላየሁትም። አምሽተው ጨርሰውታል አሉ። ሰኞ መዝገብ ቤት ባልደረቦቼ ነገሩኝ፤ ልጁ ለካ አልሞተም፤ ስልኩ ስሕተት ነበር፤ መጨረሻ ላይ በሩ ተበርግዶ ይከፈትና ዘው ብሎ ይገባል። ነግረውኝ ሲያበቁ ዓይን ዓይኔን አዩኝ፤ ትችቴን እየጠበቁ። እኔ ፋይሌን አገላበጥኩ።

የዚያኑ ሰኞ ጠዋት፣ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ስልኬ ጮኸ። በዚያ ሰዓት የሚደውልልኝ ሰው ከጠፋ አምስት ዓመቱ ነው። እህቴ ናት። የምትለው አይሰማም፤ ድምፅዋ ሻክሮ፣ ደቅቆ፣ ከጉሮሮዋ አልወጣ ብሏል። ልጅሽ ደህና አደረች ወይ ያለችኝ መሰለኝ።

"ድምፅሽ ተዘግቷል" አልኳት።

"ይዘጋ" አለችኝ።